ፒያኖ ቃኚውና ማራገቢያው

ሄሰል ዳይክስትራ ጆሮው ያስቸገረው ሰው ነው። አልሰማ ብሎት አይደለም፤ ከልክ በላይ እየሰማበት እንጂ። በፍሪስላንድ ገጠር ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን እየዞረ ኦርጋን፣ ከቤት ቤት እየዞረ ፒያኖ ሲቃኝ ፀጉሩ ሸብቷል። የሰው ሳሎን ገብቶ ፍሪጅ ሲያጉረመርም ከሰማ «ይቅርታ እመቤቴ፣ ለጊዜው ልንቀለው?» ይላል። ይነቅላል። ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ መልሶ መሰካቱን ይረሳዋል። ወተት የተበላሸባቸው ባልቴቶች ስሙን በክፉ እያነሱ ይሰነብቱና፣ ከሱ የተሻለ ቃኚ ባካባቢው ስለሌለ በዓመቱ መልሰው ይጠሩታል።

እንዲህ ያለ ሰው ጸጥታ ፍለጋ ወደ ሰማይ ቢያንጋጥጥ አይፈረድበትም። ሄሰል ሚስት አላገባም፣ ወፍ አያረባም፣ እግር ኳስ አያይም። በምሽት ግን ኦውደዘይል ከሚባለው መንደር ዳር፣ ከባሕሩ ግድብ ሥር ወዳለችው የእንጨት ቤት ይሄዳል። የመንደሩ የከዋክብት ማኅበር ቤት ናት። ጣሪያዋ በሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ ይከፈታል፤ ከሥሩ ቴሌስኮፑ ቆሟል። ያ ቴሌስኮፕ የማኅበሩ ይባል እንጂ ሰው ሁሉ የዊበ ቱንስትራ መሆኑን ያውቃል።

ዊበ ዕድሜ ልካቸውን ድልድይ ጠባቂ ነበሩ። ጀልባ ሲመጣ ድልድዩን ያነሣሉ፣ ጀልባው ሲያልፍ ያወርዳሉ፤ ቆመው የሚጠብቁትን ብስክሌተኞች በቀልድ እያሳቁ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው የሞተች ዓመት ሰው «ዊበስ አበቃላቸው» ሲል፣ እሳቸው ሰፌድ የሚያህል ወፍራም ክብ መስታወት ገዝተው ጋራዣቸው ውስጥ በርሜል ላይ አጋደሙት። በርሜሉን እየዞሩ፣ በእጃቸው እየፈጩ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ መሐሉን ጎድጓዳ አደረጉት፤ የቴሌስኮፑ መስታወት እሱ ነው። ሄሰል ያወቃቸው ያኔ ነው። የሟቿን ፒያኖ ሊቃኝ መጥቶ ከጋራዡ የሚመጣውን የፍጭት ድምፅ ሰማና፣ «ይቅርታ፣ እሱን ነገር ለጊዜው ቢያቆሙልኝ» ሊል ገባ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት አልወጣም ማለት ይቻላል። ሰማይን ማንበብ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

አሁን ዊበ ሰማንያ አልፈዋል፤ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። ከዳር በኩል ያያሉ፣ መሐሉ ግን እየጠፋ ሄዷል። ትንንሹ ቴሌስኮፕ ምንም አያሳያቸውም። ብዙ ብርሃን የሚሰበስበው የራሳቸው መስታወት ብቻ ነው እንደ ምንም የሚያሳያቸው። ሐኪሙ የቀረው ብርሃንም እስከ ፀደይ ይጠፋል ብሏቸዋል። ዊበም አልቅሰው አላስቸገሩም፤ «እንግዲህ ሳተርንን አንዴ በደንብ አይቼ ልሰናበተው» አሉ። በዚያ ጥቅምት ሳተርን ገና በጊዜ፣ ልክ ሲመሽ፣ ከግድቡ በላይ ብቅ ይል ነበር።

የዚያ አገር ችግር ጤዛ ነው። መሬቱ ከባሕሩ ዝቅ ያለ፣ በየማሳው ዳር ቦይ የተቆፈረ፣ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ የማይደርቅበት አገር ነው። የቴሌስኮፑ መስታወት ደግሞ በረጅሙ ቱቦ ሥር ተጋድሞ ወደ ላይ ያያል። ሰማዩ በጠራ ምሽት ሙቀቱን ሽቅብ እየለቀቀ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ያኔ እርጥበቱ ሁሉ መጥቶ ያርፍበታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከአሮጌ ኮምፒውተር የተፈታች ትንሽ ማራገቢያ ከመስታወቱ ጎን ትገጠማለች፤ አየሩን ካንቀሳቀሰች መስታወቱ ከአየሩ በታች አይቀዘቅዝም፣ ጤዛም አይዝበትም። የዊበ ሕግ ሁለት ነበር። ክዳኑ እስኪገጠም ድረስ ማራገቢያዋ አትጠፋም። መስታወቱን ደግሞ ምንም ነገር አይነካውም። የሚያበራው ልባስ እንደ ቤት መስታወት ከጀርባ ሳይሆን ከላይ ስለሆነ፣ ከሽንኩርት ልጣጭም የሳሳ ስለሆነ፣ ከባሕሩ የሚነፍሰው ጨውና አሸዋ ሁልጊዜ በስሱ ስለሚያርፍበት፣ በጨርቅ መጥረግ ማለት በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ማለት ነው። ይህን ሕግ ለአዲስ አባል ሁሉ የሚያስተምረው ሄሰል ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ ለመንደሩ ሰው የእንግዳ ምሽት ተጠራ። ሄሰል ቀድሞ ሊከፍት በጊዜ ሄደ። ጀንበር እንደጠለቀች ነበር፤ ነፋስ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጣሪያውን ገፋ፣ ክዳኑን አነሣ፣ ማራገቢያዋን አስነሣ። ማራገቢያዋም ያንን ድምጿን ጀመረች። ለሌላ ሰው ድምፅ አይባልም። ለሄሰል ግን ከሁለት ኖታ መሐል የተቀረቀረ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም የማይል፣ ጥርስ የሚያፋጭ ነገር ነው። ለዓመታት ታግሶት ነበር። ያን ዕለት ብቻውን ነበርና፣ ሰው እስኪመጣ ለጥቂት ጊዜ ብሎ ማብሪያዋን ተጫናት።

ጸጥ አለ። ከግድቡ ማዶ ዝይዎቹ በጭቃው ላይ ሲያንሾካሹኩ ሰማ። ዓይኑን በመመልከቻው ላይ አሳረፈ። ሳተርን ከነቀለበቱ ቁጭ ብሏል። ሄሰል ያየው ነገር እንዴት እንደነበር ኋላ ሊያስታውሰው ሲሞክር የሚመጣበት ደስታው ብቻ ነው፤ ያም ያሳፍረዋል። ምን ያህል እንደቆየ አያውቅም። ሳተርን እየደበዘዘ፣ እያበጠ ሲመጣ ቀና አለና መብራቱን ወደ ቱቦው ሥር አበራ። መስታወቱ ሰው እንደተነፈሰበት ነጭ ሆኗል።

እዚህ ላይ ማድረግ ያለበትን ያውቃል። ማራገቢያዋን ማስነሣትና መጠበቅ፤ ጤዛው በራሱ ይደርቃል። ግን ከግድቡ ላይ የእንግዶቹ ድምፅ መጣ። ከፊት የሚመራቸው ዮሪት ነበር፤ የጥርስ ሐኪሙና የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ነገር ካየ የማይለቅ ሰው። «ሄሰል ሁሉን አዘጋጅቶ ይጠብቀናል» ሲል ይሰማል። ጤዛውን ካየ «ማራገቢያዋስ?» ማለቱ አይቀርም። ሄሰል ይህን አሰበና እጁን ወደ ኪሱ ላከ። መሐረቡን አወጣ። መነጽር እንደሚጠርግ ሰው እያዞረ እያዞረ ጠረገው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ እንኳ ያፈሰሰችውን ለቅማለች። ከመሐረቡ ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ ወጣ፤ አሸዋ በብርጭቆ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው። ሌላ ሰው ቢሆን አይሰማውም ነበር። ሄሰል ሰማው። ሰምቶም እጁ ሁለት ዙር ጨመረ። ከዚያ ማራገቢያዋን አስነሣ፣ መሐረቡን ኪሱ ከተተ፣ በሩ ላይ ቆሞ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ።

እንግዶቹ ተሰልፈው አዩ፤ ሳተርን ወተት ውስጥ ያለ ይመስል ነበር። የዚያ አገር ሰው ጨዋ ነውና «ደስ ይላል» እያሉ ተራ በተራ አለፉ። ሲያልቅ ሄሰል ራሴን አመመኝ ብሎ ሄደ። ቤቱን የዘጋችው፣ ክዳኑንም የገጠመችው ሪንስከ ናት። ሪንስከ በገበያ ቀን ከመኪናዋ ላይ ዓሣ የምትጠብስ፣ ድምፅዋ ከአደባባይ አደባባይ የሚሰማ፣ ከአባላቱ ሁሉ አዲሷ ሴት ነበረች። ቤቱን ስትዘጋ የመጀመሪያዋ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ሄሰል ዊበን በመኪናው ይዞ መጣ። ሳተርንን የሚሰናበቱበት ቀን ነበር፤ ክራቫት አስረዋል። ዮሪት ክዳኑን አንሥቶ መብራት አበራና ጎንበስ ብሎ ቀረ። መስታወቱ ላይ የክብ ክብ ነጭ መስመር ተሥሎበታል፤ ጨው የያዘው ጭጋግም ስለተጋገረበት ጭረት ይሁን ዝገት አይለይም።

«ምንድነው? ንገረኝ እንጂ፣ እኔ እንደሆን አላይ» አሉ ዊበ።

ዮሪት ነገራቸው። ከዚያ ወደ ሪንስከ ዞረ። «ባለፈው የዘጋሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ ነኛ፤ ምነው?» አለች። የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ጠቅልላ ለዊበ አምጥታ ነበር።

«ክዳኑን ስትገጥሚ እርጥብ ነበር?»

«በጨለማ በምን አውቄ? የበሬ ወለደ ጥያቄ አትጠይቀኝ።»

«ጠርገሽዋል?»

«ኧረ ምን በወጣኝ። አልጠረግሁም።»

«የዓሣ ሻጭ እጅ እርጥብ ነገር አይቶ ያልፋል እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ። ሪንስከም አብራ ሳቀችና፣ ሳቁ ሲያልቅ «አልጠረግሁም መሰለኝ» አለች።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሄሰል አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት ዊበ «ልጅቷን ተዋት» አሉ፤ «እርጥቡን ከድናው ነው፣ ዝገት ነገር ነው የያዘው። ዝገት ከሆነ ይታጠባል። ማንም ያልፈጸመው ስሕተት አይደለም፤ እኔም በጊዜዬ ሠርቼዋለሁ።» ነገሩ በዚህ የተዘጋ መሰለ። ሄሰልም የተከፈተ አፉን ገጠመ። ምን ቸገረኝ ብሎ አልነበረም፤ ቸግሮት ነበር። ግን ሌላ ሰው ጥፋቱን ወስዶ ይቅርታም ተደርጎለት ሲያይ፣ የተከፈለ ነገር አድርጎ ቆጠረው።

የተከፈለ ነገር አልነበረም። ዊበ መስታወቱን ቤታቸው ወስደው ማጠብ ጀመሩ። በንጹሕ ውኃ፣ በጥጥ፣ ጥጡን በገዛ ክብደቱ ብቻ እየጎተቱ። ዓይናቸው ስለማያይ ሄሰል አጠገባቸው ቆሞ መብራት ይይዛል። «እንዴት ነው? ለቀቀ?» ይላሉ። ሄሰልም «ትንሽ ቀረ» ይላል። ምን ብሎ ይመልስ? ጭረት እንጂ ዝገት አለመሆኑን እሱ ያውቃል፤ ጭረት በውኃ አይለቅም። «ትንሽ ከቀረማ ነገ ደግሞ እንሞክራለን» ይላሉ አዛውንቱ። እንዲህ እያሉ ሳምንት በሳምንት ላይ አለፈ። ጨው በጭረቱ ገብቶ ልባሱን ከውስጥ በላው። በመጨረሻ ዊበ ተስፋ ቆረጡና መስታወቱ አዲስ ልባስ ሊለበስ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጀርመን ወርክሾፕ ተላከ። የወርክሾፑ ሰው «በጥቅምት መጨረሻ ብትልኩት ለገና ይደርስ ነበር፤ አሁን ወረፋው ወደ ፀደይ አልፏል» አለ። በፀደይ ሳተርን ወደ ፀሐይ ይጠጋና አይታይም። የዊበም ዓይን እንደዚያው።

ሄሰል ይህን በስልክ ሲሰማ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኦርጋን እየቃኘ ነበር። ስልኩን ዘጋ፣ አንዱን ቁልፍ ተጫነ፣ ኖታው ትክክል ይሁን አይሁን መለየት አቃተው። በእያንዳንዱ ድምፅ ሥር ያ የአሸዋ ድምፅ ነበር። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ «እኔ ርኩስ ሰው ነኝ» አለ፤ ጮክ ብሎ። ሰው አልነበረም። ሰው በሌለበት ማንም ጀግና ነው።

ሪንስከም መምጣት ቀነሰች። ስትመጣ ትቀልድባቸዋለች፣ ይቀልዱባታል። «ሪንስከ፣ ያንን ጨርቅሽን ደብቂው፣ ዮሪት መነጽር አድርጎ መጥቷል» ይሏታል። ትስቃለች። ቀልዱ ክፋት የለበትም፤ በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንደሚባለው ነው፣ የማይሰማቸው የነሱ ቁስል ስላልሆነ ነው። አንድ ቀን ወደ ሄሰል ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የማኅበሩን ቤት ቁልፍ ልመልስ ነው፣ አንተ ትይዝልኛለህ?» አለችው። «ለምን?» አላት። «በቃ፣ እጄ አላማረኝም» አለች። ቁልፉን ተቀበላት።

ከዚያ ከገና በፊት የሚውለው የቅዱስ ኒኮላስ በዓል ዋዜማ ደረሰ። በዚያ አገር ሰው በዋዜማው ዕጣ አውጥቶ፣ ለደረሰው ሰው ስጦታና ግጥም ያዘጋጃል። ግጥሙ የሰውየውን የዓመቱን ጉድ ያወጣል፤ ስሙ ያልተጠቀሰው ገጣሚ ግን ራሱን አያሳውቅም። ፊርማው የቅዱሱ ነው። ተቀባዩ ተነሥቶ፣ በሰው ፊት፣ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ይሰደባል፣ ያመሰግናል። የማኅበሩ አባላት ስማቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው በዮሪት ባርኔጣ ውስጥ ጨመሩ። ሄሰል አወጣና ገልጦ አየ። ሪንስከ ይላል።

የሪንስከ የዓመቱ ጉድ ምን እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሄሰል ቤቱ ገብቶ ስለ ዓሣ ሊጽፍ ሞከረ፤ ስለ መኪናዋ፣ ስለ ድምፅዋ ሊጽፍ ሞከረ። የጻፈውን ሲያነበው ውሸቱ ሸተተው። ስለ መስታወቱ ካልጻፈ ሰው ይገረማል፤ ከጻፈ ደግሞ በገዛ ጥፋቱ እሷን ሊሰድብ ነው። ሦስት ቀን ሲቀድ ሲጥል ቆይቶ በመጨረሻ ሐሳብ መጣለት። እውነቱን እጽፋለሁ አለ። በግጥሙ ውስጥ እናዘዛለሁ፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እኔም ቆሜ መናገር አይጠበቅብኝም። በዚህ ሐሳቡ ደስ ብሎት ያን ሌሊት ተኛ። ፈሪ ሰው ድፍረት የሚመስል ነገር ሲያገኝ እንዲህ ነው የሚደሰተው።

በዋዜማው የመንደሩ አዳራሽ ሞቅ ብሏል። የአተር ሾርባ ከነቋሊማው፣ ቅመም ያለበት ትንንሽ ብስኩት፣ ለእያንዳንዱ ሰው የስሙ መጀመሪያ ፊደል በቸኮላት። ዊበ የሳቸውን ፊደል በጣታቸው እየዳሰሱ «ይሄ የኔ W ነው ወይስ ተገልብጦ የሌላ ሰው M ሆኗል?» እያሉ ያስቃሉ። ዮሪት በግጥሙ ስስታም ተባለ፤ ተነሥቶ አነበበ፣ አመሰገነ። ከዚያ የሪንስከ ተራ ሆነ። ሰው ተመቻችቶ ተቀመጠ። አንዱ «አሁን የጨርቁን ታሪክ እንሰማለን» አለ። ሪንስከ ጉሮሮዋን ጠርጋ በዚያ የገበያ ድምፅዋ ጀመረች።

«ሪንስከ ስሚኝ፣ የዓሣዋ እመቤት፣
ሰው ሁሉ ሳቀብሽ፣ አጠፋች በማለት፤
ጨርቅ ይዛ ጠረገች፣ አበላሸች ሲሉ፣
ያላዩትን ነገር፣ አይተናል ይላሉ።
ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔው ነኝ የነካሁ፣
ድምፁ ቢረብሸኝ፣ ማራገቢያ ዘጋሁ፤
ጤዛው ሲሸፍነው፣ ደንግጬ ቸኩዬ፣
በመሐረብ ጠረግሁ፣ ማን ያየኛል ብዬ።
ስሜን አትጠይቂኝ፣ ወጉ አይፈቅድም፤
ያንቺ እጅ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለበትም።
ቅዱስ ኒኮላስ።»

ሄሰል ወንበሩን ጨብጦ ጠበቀ። ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ለካ ቅዱሱ ነው» አለ ዮሪት እንባውን እየጠረገ፤ «በየጣሪያው ሲሄድ ኖሮ፣ ጣሪያ የሌለው ቤት አገኘና ዘው አለ።»

«ማራገቢያዋ ፈረሱን አስደንግጣበት ነው» አለ ሌላው።

«ሽማግሌ ናቸው፣ ሲያስነጥሳቸው መሐረብ አይጠፋቸውም።»

ቅዱስ ኒኮላስ በፈረሱ በጣሪያ ላይ ይሄዳል የሚባልበት አገር ነውና፣ ቀልዱ ከዓመቱ ቀልዶች ሁሉ ምርጥ ሆኖ ተመረጠ። ሪንስከም ሳቀች። ወረቀቱን አጥፋ በቦርሳዋ ከተተችና «ቅዱስ ሆይ አመሰግናለሁ፤ እርስዎንም ይማርዎ» አለች። የሄሰል ኑዛዜ በዚህ አበቃ። የሚነሣበት ሰዓት ነበር፤ ተነሥቶ «ቀልድ አይደለም» ሊል። ሾርባ ጨመሩለት።

ገና ወንበር ሳይነሣ ዊበ ደከመኝ አሉና ሄሰል ክንዳቸውን ይዞ ወደ መኪናው ወሰዳቸው። ቀበቷቸውን አሰረላቸው። ሞተሩን ሲያስነሣ ዊበ «ጥሩ ግጥም ነበር» አሉ።

«የቱ?»

«የሪንስከ ነዋ። ቤት አመታቱ ያነክሳል፣ ግን የጻፈው ሰው ደግ ነው። ልጅቷ ስትጎዳ አይቶ ሸክሟን ትከሻው ላይ አወጣላት። እዚያ ውስጥ ካለው ሁሉ ይሄን ያሰበ ሰው አንድ ብቻ ነው። እኔ እንኳ አላሰብሁትም።»

ሄሰል ይህን ሙገሳ ሊሸከመው አልቻለም። ስድብ ቢሆን ይሸከመው ነበር። እጁ ከመሪው ላይ ወረደ።

«ደግ አይደለም፣ ጋሽ ዊበ። ቀልድም አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍሁት፤ የጻፍሁትም ያደረግሁትን ነው።»

«ሞተሩን አጥፋው» አሉ ዊበ። አጠፋው።

«በደረቅ መሐረብ?»

«በደረቅ።»

«እያዞርህ?»

«እያዞርሁ። ሲጭረው ሰማሁት።»

«ሰማኸው» አሉ ዊበ። ያጠፋ ልጁን እንደሚጠይቅ አባት አልነበረም ድምፃቸው፤ የተበላሸ ዕቃ እንደሚመረምር ሰው ነበር። «እና መብራት ይዘህልኝ ሳጥብ፣ ትንሽ ቀረ ስትለኝ፣ ጭረት መሆኑን ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ጭረት መሆኑን ያን እሑድ ብትነግረኝ ሰኞ ጠዋት እልከው ነበር። ለገና ይደርስ ነበር።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ በመስኮቱ የሚያዩት ነገር አልነበረም። «መሐረቡን አልቆጥርብህም፣ ሄሰል። ጤዛ ሰው ያስደነግጣል። ያንን መስታወት ስፈጭ ስንት ጊዜ አበላሽቼ ስንት ጊዜ መልሼዋለሁ። ያጠብሁበትን ሳምንታት ግን ማን ይመልስልኛል?»

ሄሰል አለቀሰ። ይቅርታ አለ፤ ደግሞ ይቅርታ አለ። ዊበ አላባበሉትም። ይቅር ብዬሃለሁም አላሉ። ትንሽ ቆይተው «ሪንስከስ ገና እዚያ ናት?» አሉ።

«በመስኮቱ ትታየኛለች፤ ወንበር እየደረደረች ነው።»

«ሂድ ንገራት። ግጥም እንዳትገጥምላት። እኔ እዚህ እቆያለሁ፣ አልበረደኝም።»

ሄሰል ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ዮሪትና ሌሎቹ ሳህን ሊያጥቡ ወደ ጓዳ ገብተዋል። ሪንስከ ብቻዋን ወንበሮቹን አንዱን በአንዱ ላይ እየጫነች ነበር። ስታየው «ምን ረሳህ?» አለችው።

«መስታወቱን የጠረግሁት እኔ ነኝ» አለ። «እንግዶቹ ሳይመጡ በፊት። አንቺ ክዳኑን ስትገጥሚ ተበላሽቶ ነበር። ግጥሙን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ እውነት ነው።»

የያዘችውን ወንበር አላስቀመጠችም። ትጮኻለች ብሎ ጠበቀ፤ የገበያውን ድምፅ ጠበቀ። ቢወርድበት ይቀለው ነበር።

«አንተ ነህ?» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ እኮ አስታውሰው ነበር» አለች። «መጀመሪያ አላደረግሁም አልሁ። ከዚያ ሁላችሁም ስትሉኝ፣ ምናልባት አድርጌው ይሆናል አልሁ። ከዚያ ትዝ ይለኝ ጀመር። ጨርቁ እጄ ላይ ትዝ ይለኛል። ሰማያዊ ነው። ቅዝቃዜው፣ መስታወቱ እንዴት እንዳንሸራተተው፣ ሁሉ ነገር። አሁን አንተ እየነገርኸኝም ትዝ ይለኛል።»

ሪንስከ ወንበሩን ከሌሎቹ ላይ አስቀመጠችና እጇን አገላብጣ አየች።